የጊሚራ ወንበር

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በጅማ፣ ከዚያም በቦንጋ በኩል አድርጎ ወደ ሚዛን አማን የሚወርድ መንገደኛ 560 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከቦንጋ ወዲያ ጫካው ይጠብቃል፤ ዝናቡም ለወራት አያቋርጥም፤ ቡናው በዛፍ ጥላ ሥር እንደ ልቡ በቅሎ ይታያል። በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ «ጊሚራ» የሚል ጽሑፍ ያለበት የመንገድ ምልክት አይገኝም። ጊሚራ የሚባል አውራጃ ዛሬ የለም፤ የምርጫ ክልልም የለም። የአገሬው ሰውም ስሙን አይወደውም፤ ሌሎች ያወጡለት ስም ነውና «እኛ ቤንች ነን» ብሎ ያርማል። ይሁንና ከ1940ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ እስከ አብዮቱ ድረስ የዛሬዋ ሚዛን አማን አካል የሆነችው ሚዛን ተፈሪና ዙሪያዋ በፓርላማ መዝገብ የሚታወቁት በዚሁ ስም ነበር።

ስለዚህ አገር ውክልና ሲነሳ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ማን እንደተመረጠ ነው። እኔ ግን ታሪኩን በተከታተልኩ ቁጥር ዓይኔ የሚያርፈው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ሰው ወደ ድምፅ መስጫው ከመሄዱ አስቀድሞ ድንበሩ ተሰምሯል፤ ስሙ ወጥቷል፤ ለመወዳደር ምን መያዝ እንደሚያስፈልግ ተጽፏል። የጊሚራ ታሪክ በአመዛኙ የዚያ አስቀድሞ የተሰመረ መስመር ታሪክ ነው።

ከመጀመሪያው እንነሳ። ከ1890 ዓ.ም. በፊት ይህ አገር ስለ ራሱ የሚናገርበት የየራሱ ወግ ነበረው። የከፋው ንጉሥ፣ ታቶ የሚሉት፣ ዙፋኑ ታላቅ ቢሆንም ብቻውን አይወስንም ነበር፤ ሚክሬቾ የሚባሉ ሰባት አማካሪዎች ነበሩት፤ ከታላላቅ ጎሳዎች የሚወጡ ነበሩና ነገር ሁሉ በእነሱ በኩል ያልፋል። ቤንቾች፣ ሸኮዎችና ዲዚዎች በየአካባቢያቸው የራሳቸው ነገሥታትና አለቆች ነበሯቸው። ወደ ቆላው ሲወረድ ደግሞ ሱሪና ሜኒት ዘንድ ንጉሥ የለም። ኮሞሩ የሚባል የበረከትና የዕርቅ አባት አለ፤ እሱም ቢሆን አዛዥ አይደለም። ጉዳይ ሲነሳ ጎልማሶች አደባባይ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ተራ በተራ ቆመው ይናገራሉ፤ ሁሉም የሚስማማበት ላይ እስኪደረስ ንግግሩ ይቀጥላል። እነዚህን ሦስት ዓይነት ልማዶች ላነሳ የፈለግሁት ያለ ነገር አይደለም፤ በኋላ በአንድ ጠቅላይ ግዛት ሥር የተጠቀለሉት በአመራር ወጋቸው እንዲህ የተለያዩ ሕዝቦች ስለነበሩ ነው።

በ1890 ዓ.ም. መባቻ የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ከፋን ያዘ። የመጨረሻው ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ተማርኮ ወደ ሸዋ ተወሰደ፤ ንጉሥ ሆኖም ወደ አገሩ አልተመለሰም። ጦሩ ከከፋ አልፎ ወደ ጊሚራና ወደ ማጂ ዘለቀ። ከጦሩ ጋር የመጣው ሥርዓት ነፍጠኛና ገባር የሚሉ ሁለት ቃላትን ይዞ ነበር። ወታደሩ ለደመወዙ ምትክ ገባር ይመደብለታል፤ ገባሩም እህሉን፣ ማሩን፣ ቡናውንና ጉልበቱን ይገብራል።

ጊሚራና ማጂ ላይ ደግሞ ከገባርነት የከፋ ነገር ደረሰ። ከአገሩ ርቀትና ከጠረፍነቱ የተነሳ የባሪያ ፍንገላ የጠናበት ቦታ ሆነ። በ1904 ዓ.ም. ገደማ ልጅ ኢያሱ ራሳቸው ወደዚህ አገር ወርደው በተደረገው ዘመቻ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተማርከው ተነዱ፤ ብዙዎቹም በመንገድ በበሽታና በድካም አለቁ። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን የባሪያ ንግድን እንደምታጠፋ ቃል ገብታ ነበር። በደቡብ ምዕራብ ግን ቃሉ መሬት እስኪነካ ረጅም ጊዜ ፈጀ። መንደሮች ጠፍ ሆኑ፤ የታረሰው መሬት ዱር ዋጠው። የሕዝቡ ቁጥር የተመናመነው በዚህ ዘመን መሆኑን ልብ ማለት ያሻል፤ ወደፊት እንደራሴ የሚመደበው በሕዝብ ቁጥር ነውና።

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት ታወጀ። ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ነበሩ። ሁለት ምክር ቤት ተቋቋመ። የሕግ መወሰኛው አባላት በንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ፤ የሕግ መምሪያው አባላት ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ በመኳንንቱና በአገር ሹማምንቱ እንዲመረጡ ተወሰነ። ይህ አንቀጽ በጊሚራ ላይ ሲያርፍ ምን ማለት እንደነበር ለመገመት አያስቸግርም። መራጩ ሹም ነው፤ ሹሙ ባለ ገባር ነው፤ ስለ ገባሩ የሚናገረውን ሰው የሚመርጠው ገባሩን የሚያስገብረው ሰው ነው። የጊሚራ ገባር ብሶቱን የሚያሰማበት መንገድ አንድ ብቻ ቀርቶት ነበር፤ ስንቁን ሸክፎ፣ ጫካና ወንዝ አቋርጦ፣ አዲስ አበባ ደርሶ አቤት ማለት።

ያ ፓርላማ ብዙም ሳይቆይ የጣልያን ወረራ መጣ፤ ምክር ቤቱም ተዘጋ። ጣልያን ደቡብ ምዕራቡን ከጅማ ሆኖ ገዛው። አምስቱ ዓመት ለዚህ ታሪክ የተወው ዋና ነገር ጅማን የአካባቢው ሁሉ መናገሻ አድርጎ ማጽናቱ ነው።

ከነጻነት በኋላ አገሪቱ በጠቅላይ ግዛት፣ በአውራጃና በወረዳ ተከፋፈለች። የከፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫው ጅማ ሆነ፤ በሥሩ ጅማ፣ ሊሙ፣ ከፋ፣ ኩሎ ኮንታ፣ ጊሚራና ማጂ የሚባሉ አውራጃዎች ተደራጁ። ቴፒ ግን በዚህ ውስጥ አልነበረችም። የሸካ አገር «ሞጫ አውራጃ» ተብሎ በኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት ሥር ገባ፤ አለቃውም ጎሬ ላይ ሆነ። ሚዛን ተፈሪና ቴፒ በአንድ ጫካ ሁለት ጠርዝ ያሉ፣ አንድ ዓይነት ቡናና ኮረሪማ የሚያወጡ፣ የሸኮ ሕዝብም በሁለቱም በኩል ተዘርግቶ የሚኖርባቸው ጎረቤታሞች ናቸው። መስመሩ በመካከላቸው አለፈ። ይህን መስመር እናስታውሰው፤ ከ50 ዓመት በኋላ ደም ያፈስሳል።

ጥቅምት 24 ቀን 1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ወጣ፤ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት በሕዝብ ድምፅ እንዲመረጡም አዘዘ። አገሪቱ በተቻለ መጠን እያንዳንዳቸው 200,000 ሕዝብ በሚይዙ የምርጫ ክልሎች ትከፈላለች፤ ለእያንዳንዱ ክልል ሁለት እንደራሴ ይሰጠዋል። ከ30,000 በላይ ነዋሪ ያለው ከተማ ለብቻው አንድ እንደራሴ ያገኛል። 21 ዓመት የሞላው ኢትዮጵያዊ፣ ወንድም ሴትም፣ ይመርጣል፤ 25 ዓመት የሞላው ይመረጣል። የእንደራሴው ዘመን አራት ዓመት ነው። የፖለቲካ ፓርቲ አይታወቅም፤ ሰው የሚወዳደረው በስሙና በዝናው ነው።

የመጀመሪያው ምርጫ በ1950 ዓ.ም. መባቻ ተደረገ፤ 210 እንደራሴዎች ገቡ። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ የመጀመሪያዋ ሴት የምክር ቤት አባል የሆኑት በዚህ ምርጫ ነው። ከዚያ በኋላ በ1953፣ በ1957፣ በ1961 እና በ1965 ዓ.ም. ተመረጠ፤ የእንደራሴው ቁጥርም ወደ 250 አደገ።

ለአገሪቱ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ይህን አልክድም። አንድ የቤንች ገበሬ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ «ማንን ትመርጣለህ?» ተብሎ ተጠየቀ። ነገር ግን ሕጉ ሌላ አንቀጽ ነበረው። ዕጩው በሚወዳደርበት ክልል የሚኖርና በዚያው ንብረት ያለው መሆን አለበት፤ የምርጫው ሕግ መጠኑን ሲቆርጥ 1,000 ብር የሚያወጣ መሬት ወይም 2,000 ብር የሚያወጣ ተንቀሳቃሽ ንብረት ብሎ ወሰነ። ሕጉ ሲወጣ የታሰበው እንደራሴው ለአገሩ ባዕድ እንዳይሆን ነው ሊባል ይችላል። በጊሚራ ግን መሬቱ በማን እጅ ነበር? በ1890ው ወረራ ጊዜ የመጣው ወታደር ልጆች፣ በጡረታ መሬት የተሰጣቸው ሹማምንት፣ የቡናውን ዋጋ ሰምተው ከሰሜንና ከመሐል አገር የመጡ ባለ ርስቶች፣ ከአገሬው ወገን ደግሞ ከመንግሥት ጋር የተስማሙ ጥቂት ባላባቶች ያዙት። ጭሰኛው በስሙ የተጻፈ መሬት የለውም። ሸኮው የሚኖርበት ጫካ ለሕጉ የመንግሥት መሬት እንጂ የማንም ንብረት አይደለም። ስለዚህ ድምፅ ሰጪው ሁሉም ሆነ፤ ለወንበሩ የሚበቃው ግን አስቀድሞ ታውቋል። በደቡብ አውራጃዎች በተደጋጋሚ የታየው ይኸው ነው፤ ወደ ሕግ መምሪያው የሚገባው በአብዛኛው ከሰፋሪው ባለ ርስት ወገን ነበር።

ቋንቋም ነበር። የፓርላማው ንግግር በአማርኛ ነው፤ ቤንችኛ ወይም ሸክኛ ብቻ የሚያውቅ ሽማግሌ ምንም ያህል ነገር አዋቂ ቢሆን በዚያ አዳራሽ አይሰማም። ሚክሬቾና ኮሞሩ የነበሩበት አገር ንግግርን እንደ ጥበብ የሚቆጥር ሆኖ ሳለ፣ የንግግሩ ሸንጎ ሲከፈትለት አንደበቱን ይዞ መግባት አልቻለም። ይህን ሳስብ ልቤ ይነካል።

የቡና ዋጋ በ1940ዎቹ ሲነሳ ደቡብ ምዕራቡ ለመንግሥት ግምጃ ቤት ያለው ትርጉም ተለወጠ። ቡና የአገሪቱ ዋና የውጭ ንግድ ዕቃ ነው፤ ከፋና ኢሉባቦር ደግሞ የቡና ጫካ ናቸው። በዚያ መሬት ላይ የሚደክመው ግን ጭሰኛው ነው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በፓርላማው ላይ ከቀረቡት ሁሉ ለጊሚራ ጭሰኛ ከሁሉ የሚቀርበው የጭሰኝነት ግንኙነትን የሚያሻሽለው ረቂቅ ሕግ ነበር። ረቂቁ ቀረበ፣ ተመለሰ፣ ተንከባለለ፤ አብዮቱ እስኪመጣ ሕግ አልሆነም። ይህም አያስደንቅም። መሬት ያለው ካልሆነ በማይገባበት ምክር ቤት ውስጥ የጭሰኛ ሕግ የሚያጸድቅ እጅ ከየት ይመጣል?

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ፤ ፓርላማውም ተበተነ። ለጊሚራ ገበሬ ግን ታላቁ ቀን የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ፤ የባለ ርስትና የጭሰኛ ግንኙነት በአንድ ቀን ተሻረ። አዋጁ ቢያንስ 800 ሄክታር በሚሆን ስፍራ የሚኖሩ ገበሬዎች ማኅበር እንዲያቋቁሙ አዘዘ። ሊቀመንበሩን የሚመርጡት ራሳቸው ናቸው፤ ፍርድ ሸንጎም ይኖራቸዋል። የቤንች ገበሬ በቋንቋው የሚናገረውን፣ እርሻው ከእርሻው የሚዋሰነውን ጎረቤቱን ሲመርጥ ከ1890 ወዲህ የመጀመሪያ ጊዜው ይኸው የገበሬ ማኅበር ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። የደርግን ዘመን ግፍ ሁሉ አውቄ ነው ይህን የምለው። ማኅበሩ ቆይቶ የኮታ እህል ሰብሳቢና የወታደር መልማይ ሆነ፤ ሊቀመንበሩም ለጎረቤቶቹ ከመናገር ይልቅ የበላይ ትእዛዝ ወደ ታች ማውረድ ሥራው ሆነ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት ግን በሽማግሌዎች ትዝታ ውስጥ ሌላ ቦታ አላቸው።

ቤበቃና ቴፒ ላይ የመንግሥት ቡና እርሻዎች የተስፋፉትም በደርግ ዘመን ነው። በሺዎች የሚቆጠር ሄክታር ጫካ ቡና ሆነ፤ ለቀማ ሲደርስ ከከምባታ፣ ከወላይታና ከሌላም አገር የቀን ሠራተኛ ይጎርፋል፤ ብዙውም ይቀራል። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ደግሞ ከሰሜን የመጡ ሰፋሪዎች ደቡብ ምዕራቡን ሞሉት። የሕዝቡ ስብጥር ተለወጠ፤ ይህም ከዚያ በኋላ ባሉት ምርጫዎች ሁሉ «ወንበሩ የማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ አከበደው።

ሰኔ 7 ቀን 1979 ዓ.ም. የብሔራዊ ሸንጎ ምርጫ ተደረገ። ሸንጎው 835 መቀመጫ ነበረው፤ ዕጩዎቹም የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲን (ኢሠፓን) ይሁንታ ያገኙ ናቸው። ንብረት መጠየቁ ቀርቷል፤ በምትኩ የፓርቲ ማለፊያ መጣ። ሸንጎው አራት ዓመት ሳይሞላው ግንቦት 1983 ደረሰ፤ ደርግም ወደቀ።

አሁን ታሪኩ ወደሚወሳሰብበት ገባን። ጥር 1984 የወጣው አዋጅ ቁጥር 7 አገሪቱን በብሔር ብሔረሰብ መሠረት በ14 ክልሎች ከፈላት። ክልል 11 ከፋን፣ ሸካን፣ ቤንችን፣ ሸኮን፣ ዲዚን፣ ሱሪን፣ ሜኒትን፣ ጫራንና ናኦን በአንድ ላይ ያዘ። በጣልያንና በንጉሡ ዘመን ለጅማ፣ በኢሉባቦር በኩል ለጎሬ ያድር የነበረው አገር ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ጣሪያ ሥር ገባ፤ «ጊሚራ» የሚለውም ስም ከመንግሥት ወረቀት ወጥቶ «ቤንች» ተጻፈ። ነገሩ ግን አልሰነበተም። ከክልል 7 እስከ ክልል 11 ያሉት ተዋህደው ደቡብ ክልል ሆኑ፤ ርዕሰ ከተማው ሐዋሳ ሆነ። ሚዛን ተፈሪ የቤንች ማጂ ዞን ከተማ፣ ቦንጋ የከፋና ሸካ ዞን ከተማ ሆነው ቀሩ፤ ሸካ በ1990ዎቹ መባቻ ከከፋ ተነጥሎ ማሻን ከተማው ያደረገ ዞን ሆነ።

ሐዋሳ በስምጥ ሸለቆ ሐይቅ ዳር ናት፤ ሚዛን ደግሞ በሌላኛው የአገሪቱ ጫፍ። ብዙ ሰው በጅማ አድርጎ፣ አዲስ አበባን ረግጦ፣ እንደገና ወደ ደቡብ ይወርድ ነበር። የክልል ምክር ቤት አባሉ ለጉባኤ ሲሄድ ቀናት በመንገድ ላይ ያልቃሉ፤ ይግባኝ የሚል ባለጉዳይም እንዲሁ። «ሐዋሳ ድረስ» የሚለው ሐረግ በሚዛን ቡና ቤቶች የሩቅነት መለኪያ ሆኖ ነበር።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ውክልናን በሁለት መንገድ አበጀው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከ550 የማይበልጥ መቀመጫ አለው፤ ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 20 መቀመጫ ቁጥራቸው አነስተኛ ለሆኑ ብሔረሰቦች እንዲሆን ተደነገገ። ከ1890 ወዲህ ሕዝቡ ለተመናመነበት አገር ይህ ድንጋጌ ትልቅ ትርጉም አለው። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ደግሞ ለእያንዳንዱ ብሔረሰብ ቢያንስ አንድ፣ ለተጨማሪ ለእያንዳንዱ አንድ ሚሊዮን ሕዝብ ሌላ አንድ ወንበር ይሰጣል። በ1999ኙ ቆጠራ ቤንች ከ350 ሺህ በላይ፣ ሸኮ ከ37 ሺህ በላይ፣ ሱሪ 28 ሺህ ገደማ ሆነው ተመዘገቡ፤ ከፋ 870 ሺህ ገደማ ነበር። ሁሉም ከአንድ ሚሊዮን በታች ናቸውና እኩል አንድ አንድ ወንበር ይደርሳቸዋል። በንጉሡ ዘመን በአውራጃ ስም ተጠቅልለው ይወከሉ የነበሩ ሕዝቦች፣ አሁን እያንዳንዳቸው በስማቸው ተጠርተው የሚቀመጡበት ቦታ አገኙ። ከዚህ ታሪክ ሁሉ ሳይነካ ቢቀር የምመኘው ነገር ቢኖር ይህ ነው።

ሆኖም የድሮው መስመር አልጠፋም። ቴፒ የምትገኝበት የኪ ወረዳ በሸካ ዞን ሥር ነበር። በዚያ የሚኖሩ ሸኮዎችና መዠንግሮች በሸካ ዞን ውስጥ አናሳ ሆነን እንዋጣለን፣ ድምፃችን አይሰማም ብለው ወደ ጎረቤት አስተዳደር እንዲካለሉ ጠየቁ፤ የሸኮና መዠንግር ድርጅትም ጥያቄውን ይዞ ተወዳደረ። ክርክሩም እየከረረ ሄደ። መጋቢት 1994 በቴፒ አካባቢ ሰልፍ የወጡ ሰዎች ላይ ተተኮሰ፤ ከዚያም በመንደሮቹ ላይ ቃጠሎና ግድያ ተፈጸመ። የሟቾቹን ቁጥር መንግሥትና ሌሎች ወገኖች በተለያየ መንገድ ቆጥረውታል። እነዚህ ሰዎች የሞቱት «በየትኛው ዞን እንቆጠር?» በሚል ጥያቄ ነው። በሚዛንና በቴፒ መካከል በአውራጃ ዘመን የተሰመረው መስመር ነው እዚህ ያደረሰው። የምርጫ ክልል ድንበር የወረቀት ነገር ነው ለሚል ሰው የኪን እንዲያስታውስ እለምናለሁ።

ከሕገ መንግሥቱ በኋላ የተደረጉት አገር አቀፍ ምርጫዎች፣ በ1987፣ በ1992፣ በ1997፣ በ2002 እና በ2007፣ በዚህ አገር በአብዛኛው በገዢው ፓርቲ በኢሕአዴግ የደቡብ ክንፍ፣ በኋላ ደኢሕዴን በተባለው፣ እጅ ያለቁ ናቸው። አንዱ ግን ተነጥሎ ይታያል። በ2002 ዓ.ም. ከ547 መቀመጫ 545ቱን ኢሕአዴግና አጋሮቹ ሲወስዱ ሁለት ብቻ ከእጃቸው ወጡ። አንዱ የተቃዋሚው መድረክ ዕጩ አቶ ግርማ ሰይፉ በአዲስ አበባ ያገኙት ነው። ሌላው ከከፋ በግል የተወዳደሩት ዶክተር አሸብር ወልደ ጊዮርጊስ ናቸው። በመላ አገሪቱ ብቸኛው የግል ተመራጭ ከዚሁ ከቡናው አገር መውጣቱን ብዙ ሰው ረስቶታል። አሸብር የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው በአገር የታወቁ ሰው ነበሩ፤ ፓርቲ በሌለበት በ1950ዎቹ እንደነበረው፣ የሰው ስም ከምልክት በልጦ የተመረጠበት አጋጣሚ ሆነ።

በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ከቤንች ማጂ ዞን ጉራፈርዳ ወረዳ የአማራ ተወላጅ ሰፋሪዎች ተፈናቀሉ። ጉዳዩ እስከ ተወካዮች ምክር ቤት ደርሶ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ መልስ ሰጡበት። ጫካው ተመነጠረ፣ ሕግ ተጣሰ የሚል ክርክር በአንድ በኩል፣ ለዓመታት አርሰን ግብር ከፍለን ኖርን የሚል ለቅሶ በሌላ በኩል ቆመ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን በዚያ ክርክር ውስጥ የተፈናቀሉት ሰዎች የመረጡት እንደራሴ ድምፅ የት ነበር የሚለው ነው። ወንበሩ ለብሔረሰቡ ተብሎ ሲታሰር፣ በዚያው ክልል የሚኖረው ሌላው ሰው ማንን ይጠራል? ጥቅምት 2013 ጉራፈርዳ ላይ እንደገና በርካታ ሰዎች በጥቃት ሲገደሉ ጥያቄው አሁንም መልስ አላገኘም ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ሌላ አገር አንድ ነገር ላንሳ። ካናዳ ውስጥ በየአሥር ዓመቱ ከሕዝብ ቆጠራ በኋላ ከመንግሥት ነጻ የሆኑ ኮሚሽኖች የምርጫ ክልሎችን ድንበር እንደገና ያሰምራሉ፤ የአገሬው ሰው ቀርቦ ይከራከራል፤ አንዳንዱ ክልል ይከፈላል፣ አንዳንዱም ስሙን ይዞ ከነጭራሹ ይጠፋል። የእኛም ሕገ መንግሥት ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ እንዲካሄድ ያዛል። የመጨረሻው ቆጠራ ግን የ1999ኙ ነው፤ አራተኛው በተደጋጋሚ ተራዝሟል። በቡናው አገር የሚወለደው፣ የሚሰፍረውና የሚፈናቀለው ሰው በዚያ መካከል ምን ያህል እንደተለዋወጠ የሚዛን ገበያን ያየ ሁሉ ያውቀዋል።

ከ2010 ወዲህ ያለው ፍጥነት አስገራሚ ነው። የቤንች ማጂ ዞን ለሁለት ተከፈለ፤ ቤንች ሸኮ ዞን ከተማውን ሚዛን አማን፣ ምዕራብ ኦሞ ዞን ከተማውን ጀሙ አደረጉ። ሚዛን ተፈሪና አማን የሚባሉት መንታ ከተሞች አስቀድመው ተዋህደው አንድ ከተማ ሆነዋል። የከፋ፣ የሸካ፣ የቤንች ሸኮ፣ የምዕራብ ኦሞና የዳውሮ ዞኖች፣ ከኮንታ ልዩ ወረዳ ጋር፣ በአንድ ክልል ለመደራጀት ጠየቁ፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤትም ሕዝበ ውሳኔ እንዲደረግ ወሰነ። መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ሕዝቡ ወጣ። ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ድምፅ ለአዲሱ ክልል ተሰጠ፤ የተቃወመው ወደ 24 ሺህ ብቻ ነበር። ስለ ሰው ስም ወይም ስለ ፓርቲ ምልክት ሳይሆን ስለ ድንበሩ ራሱ የአገሬው ሰው ሲጠየቅ በዚህ አገር ታሪክ የመጀመሪያ ጊዜ ይህ ነው። ከ1890 ጀምሮ በጦር፣ በድንጋጌ፣ በአዋጅና በፓርቲ ውሳኔ ሲሰመር የኖረ መስመር ነበርና፣ በዝናቡ ውስጥ ተሰልፈው ቆመው የነበሩትን እናቶች ሳስብ ደስታው ዛሬም አይለቀኝም።

ኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በይፋ ተመሠረተ፤ ከሲዳማ ቀጥሎ 11ኛው ክልል ሆነ። በ1984 ዓ.ም. «ክልል 11» የተባለው አገር፣ ዳውሮንና ኮንታን ጨምሮ፣ ከ30 ዓመት በኋላ በዚያው ቁጥር ተመልሶ መጣ። የመጀመሪያው ርዕሰ መስተዳድር ነጋሽ ዋጌሾ (ዶ/ር) ሆኑ፤ የሥራ ቋንቋው አማርኛ ሆኖ ቀጠለ።

«ሐዋሳ ድረስ» ሲመላለስ የኖረ ሕዝብ አንድ ከተማ ሁሉን እንዲይዝ አልፈለገም። መንግሥቱ በአራት ከተሞች ተከፈለ፤ አስፈጻሚው ቦንጋ፣ የክልሉ ምክር ቤት ታርጫ፣ የብሔረሰቦች ምክር ቤት ቴፒ፣ የዳኝነቱ አካል ሚዛን አማን ገባ። በ1994 «በየትኛው ዞን እንቆጠር?» ብለው የወጡ ሰዎች የወደቁባት ቴፒ፣ አሁን ብሔረሰቦች ሁሉ የሚወከሉበት ምክር ቤት መቀመጫ ናት። በሚዛን አማን ደግሞ የቡና ማሳ ድንበር የተከራከሩ ሁለት ጎረቤታሞች ይግባኛቸውን ይዘው በጠዋት ይመጣሉ፤ ጉዳያቸው ከሰዓት ከተቀጠረ ጨሞ፣ የቡና ቅጠል መጠጥ፣ ጠጥተው ይጠብቃሉ፤ ማታ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ሕጉን ያወጣው እንደራሴያቸው ግን ታርጫ ነው፤ እሱን ለማግኘት የከፋን ተራሮች አቋርጠው መሄድ አለባቸው።